ስምንተኛው ደብተር

ሩሃማ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደብተሩን ስትገልጥ ዓይኗ ያረፈበት የመጀመሪያው መስመር «ዓላማ፦ ተማሪዎች የአበባን ክፍሎች ለይተው ይናገራሉ» ይላል። ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። «የመምህሩ ተግባር»፣ «የተማሪው ተግባር»፣ «ግምገማ»። ይህ የትምህርት ዕቅዷ ነው። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ ለፊርማ ያስረከበችው እሱን መስሏት ነበር። ታዲያ እሱ እዚህ ካለ፣ እዚያ የሄደው የትኛው ነው?

መልሱን ስታውቀው ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ብድግ አለች፤ የሄደው የውሎ ማስታወሻዋ ነው።

ጥፋቱ የካላንደሩ ነበር፤ ቢያንስ በዚያች ደቂቃ ያላከከችው በእሱ ላይ ነው። ዓመቱ ሲገባ ሁለት ደብተር ገዝታ ሁለቱንም ከአንድ አሮጌ የግድግዳ ካላንደር በቀደደቻቸው ገጾች ሸፍናቸው ነበር። የመስከረሙ ገጽ የዕቅድ ደብተሯን፣ የጥቅምቱ ደግሞ የውሎ ማስታወሻዋን ለበሰ። በችኮላ ለሚያይ ሰው መስከረምና ጥቅምት ያው ናቸው።

ማስታወሻ መያዝ የጀመረችው ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ወደ ሮቤ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ነው። የሚያዋራት ሰው አልነበረም፤ ብርዱም ከቤት አያስወጣም። በአንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ በየቀኑ ሦስት ጥያቄ ለራሳቸው እንዲመልሱ መክሯቸው ነበር፦ ዛሬ ምን አደረግሁ? ለምን አደረግሁት? ነገስ? ሌሎቹ መምህራን ሻያቸውን ጠጥተው ረሱት፤ ሩሃማ ግን ነገሩን የምር ያዘችው። ሲርባት እንደምትቆጣ ያወቀችው ከዚያ ደብተር ነው። እሑድ እሑድ የሚጫናት ነገር ናፍቆት እንጂ ሕመም አለመሆኑንም እንዲሁ። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ትንሽ ቆንጀት አድርጎ ነው፤ እሷ ግን አላቆነጀችም። አሁን ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በመንፈቅ ዓመቱ የባዮሎጂ ማጠቃለያ ፈተና መጨረሻ ላይ፣ ከለሊሴ ዴስክ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ለሊሴ የከሰዓት ፈረቃ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ወላጆቿ ጎሮ ሆነው እሷ ሮቤ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ እጅ ማውጣት የማይሰለቻት ልጅ። ሩሃማ ወረቀቱን እንኳ ሳትዘረጋ የልጅቷን የመልስ ወረቀት ቀምታ፣ በስልሳ ተማሪ ፊት «ሌባ!» አለቻት። ዜሮ ሰጠቻት። ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ስትዘረጋው የኬሚስትሪ ቀመር ሆኖ አገኘችው፤ ያውም የአሥራ አንደኛ ክፍል። ጠዋት እዚያ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው የሌላው ፈረቃ ተማሪ ረስቶት የሄደ ነው።

ያን ዕለት ወረቀቱን ማስታወሻዋ ላይ ለጥፋ ከሥሩ ጻፈች፦ «ዛሬ ምን አደረግሁ? ምንም ያላጠፋች ልጅ በሰው ፊት አዋረድሁ። ለምን? የዝውውር ጥያቄዬ ውድቅ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ነበር። ነገስ? እነግራታለሁ።» በማግስቱም «ነገ» ብላ ጻፈች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የሚገርመው፣ በጻፈች ቁጥር ቀለል ይላት ነበር። ቀለል ሲላት ትተኛለች፤ ስትነቃ ደግሞ ነገሩ የተፈጸመ ያህል ይሰማታል። ለሊሴ በበኩሏ ወንበሯን ቀይራ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደች፤ እጇንም ካወጣች ቆየች።

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የውጤት ሮስተሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዜሮው ከለሊሴ ስም አይላቀቅም።

ሩሃማ እየሮጠች ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ወደ አቶ ዘይነዲን ቢሮ ሄደች። መዝገብ ቤት የሚሠራው ኢዶሳ ብቻውን ተቀምጧል፤ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ ደህና አደርሽ አላት።

«ነጋ ቡልቴ፣ ሩሂ! አቶ ዘይነዲንን ከሆነ ሂንጅራን፤ የሉም። ዓይናቸውን ሊታዩ ጎባ ሄደዋል።»

«ደብተሮቹስ?»

«ወረፋ ስጠብቅ እፈርማለሁ ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። ምነው፣ ዕቅድሽ ውስጥ የፍቅር ደብዳቤ ረሳሽ እንዴ?»

በሆነልኝ፣ አለች በልቧ።

የጎባው ሚኒባስ እስኪሞላ የጠበቀችው ሩብ ሰዓት ግማሽ ቀን ሆነባት። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አጨዳው ያለቀ የስንዴ ማሳና የገለባ ክምር ያልፋል፤ ከፊት ለፊት ተራራው ደመናውን ተከናንቧል። አጠገቧ ሁለት ሴቶች በኦሮምኛ እየተጨዋወቱ ይስቃሉ። ሮቤ ሁለት ዓመት ኖራ ቋንቋውን በግማሽ ትሰማለች፤ ዛሬ ግን አንዱም አልገባትም። የምታስበው ስለ ገጾቹ ነበር። የለሊሴ ጉዳይ ብቻ አይደለም እኮ፤ «ሽማግሌው ፊርማ እንጂ ሌላ አያውቅም» ብላ ስለ ርዕሰ መምህሩ የጻፈችውም አለ። ሳያነቡት ከደረስሁ ደብተሩን ተቀብዬ፣ ዳግመኛ ከቤት አላወጣውም ብላ ለራሷ ማለች።

አቶ ዘይነዲንን ያገኘቻቸው በዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው። ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ፣ የደብተሩን ቁልል ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጉንጫቸው ላይ እንባ ይወርዳል። ሩሃማ ደነገጠች፤ አንብበው አለቀሱ እንዴ?

«አቶ ዘይነዲን፣ ሩሃማ ነኝ።»

«ሩሃማ? ምነው፣ በሰላም ነው?»

«ደህና ነው። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ጠብታ አደረጉብኝ፤ እስከ ማታ ፊደል አይታይህም ብለውኛል። የሰባት ሰው ፈርሜ ስምንተኛውን ላነሳ ስል ጠሩኝ። ስምንተኛው ያንቺ ነው።»

ከቁልሉ በላይ የተቀመጠው የጥቅምት ገጽ ነበር። ሩሃማ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላነበቡትም። ደብተሩን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«እንግዲያው ልውሰደውና ነገ ላምጣልዎት» አለች።

«ነገ ለምን? ከመጣሽ አይቀር አንብቢልኝ፤ ሰምቼ ልፈርም። የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ቀላል ነገር ነበር። መስከረም ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ጥቅምትን ወደ ቦርሳዋ ከታ መስከረምን አወጣች፤ እሳቸውም የወረቀቱን ድምፅ እየሰሙ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። «ዓላማ» ብላ ጀመረች፤ «ተማሪዎች የአበባን ክፍሎች…»

ማንበቡን አቋረጠች። ዛሬ ማታ የምትጽፈው ከአሁኑ ታወቃት። ዛሬ ምን አደረግሁ? ደብተሬን አዳንሁ። ነገስ? እነግራታለሁ። ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ ቀለል እንደሚላትም ታውቃለች። ቅልል ማለቱ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላት።

መስከረምን ዘግታ ጥቅምትን አወጣች። ወረቀቱ የተለጠፈበትን ገጽ ፈልጋ፣ ከላይ ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር አነበበችላቸው። ከዚያ የማግስቱን፣ ከዚያ የሦስተኛውን ቀን። «ነገ» የሚለው ቃል ሲደጋገም ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ስትጨርስ አቶ ዘይነዲን ጉንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ወረቀቱ አለ?»

«እዚሁ ለጥፌዋለሁ።»

እጃቸውን ዘረጉና የተለጠፈውን ወረቀት ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት። «የልጅቷ መልስስ?»

«ቤት ነው። አርሜዋለሁ። ከአርባ ሠላሳ ስድስት አግኝታለች።»

«ሌባ ያልሻት የት ነው?»

«ክፍል ውስጥ። በሁሉም ፊት።»

ነርሷ ወጥታ የሰው ስም ጠርታ ገባች።

«ኢንተለ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እኔም ጊኒር ሳስተምር የበደልሁት አንድ ልጅ አለ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ያንቺዋ ግን ሰባት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ናት።»

ስልካቸውን ሰጥተዋት ኢዶሳ ጋ አስደወሉና የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ ውጤት እሷ ሳትደርስ እንዳይዘጋ ነገሩት።

«ስለ እርስዎም የጻፍኩት ነገር አለ» አለች ሩሃማ፤ ከጀመረች አይቀር ብላ።

«እሱን ሳላነበውም አውቀዋለሁ» አሉና ሳቁ። «በይ እስክሪብቶ ስጪኝ።» ገጹን እየዳሰሱ ፈረሙ፤ ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ግማሹ በኬሚስትሪው ወረቀት ላይ አረፈ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሩሃማ ክፍል ገባች። ተማሪዎቹ ተነሥተው ተቀመጡ። ጠመኔ አነሳች፤ ሰሌዳው ላይ ግን ምንም አልጻፈችም።

«ከሁለት ሳምንት በፊት እዚህ ቆሜ ለሊሴን ሌባ ብያታለሁ። ለሊሴ ምንም አላጠፋችም። ወረቀቱ የጠዋቱ ፈረቃ ነው። ያን ዕለት ማታውኑ አውቄ ዝም አልኩ። ለሊሴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ተማሪው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። በመጨረሻው ረድፍ ለሊሴ ተነሣች። ፊቷ ላይ ሳቅም ቁጣም የለም።

«ቲቸር፣ ወረቀቱን ማየት እችላለሁ?»

ሩሃማ ገጹን ልትገነጥለው ያዘችው፤ ከዚያ ተወችው። ደብተሩን እንዳለ የፊተኛው ረድፍ ላይ ላለችው ልጅ ሰጠቻት። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ኋላ ሄደ። መሐል ላይ በአንዱ እጅ ተዘጋ፤ ልጁ ገጹን ሲፈልግ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። ሩሃማ የጠዋቱ ድንጋጤ እስኪመለስ ጠበቀች፤ አልመጣም። ከዚያ ይልቅ፣ ጠባብ ጫማ ያወለቀች ያህል እፎይ አለች።

ለሊሴ መጀመሪያ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። ከዚያ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበች። ገለጠች፤ እንደገና ገለጠች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ነገዎቹን ሳትቆጥራቸው አልቀረችም። ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች፤ እስክሪብቶዋን ከደረት ኪሷ አውጥታ አጎንብሳ እዚያው ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረች።

ምን እንደምትጽፍ ከሰሌዳው ጋ አይታይም። ሩሃማ ጠመኔዋን እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻት።