የአማቴ ሪሞትና የነሐሷ አንበሳ

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለግቢያቸው የነሐስ አንበሳ ሐውልት ሲያዙኝ፣ "የተኛች፣ የተረጋጋች፣ አንባቢ የማታስደነግጥ ትሁን" አሉኝ። እሺ ብዬ አራዊት ወደሚጠበቁበት ግቢ ሄድኩ። እዚያ ያለችው አንበሳ ግን የለየላት ቀዥቃዣ ናት። ሳምንት ሙሉ እርሳስ ይዤ ብገተር ስትንጎራደድ ከመዋል በቀር አንዴም ጋደም አላለች። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ።

ሳሎን ውስጥ አማቴ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸው ሶፋው ላይ በግራ ጎናቸው ተጋድመዋል። ያ ሰፊ ትከሻ! አገጫቸው ክንዳቸው ላይ፣ ቀኝ እጃቸው የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ። ሪሞቱን ለማንም አይሰጡም፤ ከቤት ሲወጡ እንኳ ጣቢያ እንዳንቀይርባቸው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ነው የሚሄዱት። እግዜር ይቅር ይበለኝና ደብተሬን አወጣሁ።

ሦስት ወር ሙሉ እያንኮራፉ ሣልኳቸው። አንዳንዴም ለራሴ፣ "ጢም ቢጨመርባቸው ሌላ ምን ይጎድላቸዋል?" እያልኩ አጉረመርማለሁ።

ነሐሱ የሚቀዳበት የጭቃ ቅርጽ ሲያልቅ ባለቤቴ አየችውና ክው አለች።

"ይቺ እማዬ ናት!"

"አንበሳ ናት።"

"ትከሻዋን እኔ አጣዋለሁ? እማዬ ካወቀች መሃል አልገባም፤ ሻንጣህን ራስህ አዘጋጅ።"

ቀልዷን አልነበረም። የምንኖረው በአማቴ ቤት ነው።

የምረቃው ቀን ጨርቁ ሲገለጥ ሰው አጨበጨበ፤ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። አማቴ ከፊት ወንበር ተነስተው አንበሳዋን ሁለቴ ዞሯትና ቀኝ መዳፏ ጋ ቆሙ። መዳፉ የሆነ ነገር እንደሸፈነ ጎበጥ ብሏል፤ ሥሩ ግን ባዶ ነው። እኔ ሞኙ እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላልኩትም። ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ሪሞቱን አወጡ፣ ከመዳፉ ሥር ሰደዱት። ልክክ አለ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"ለየቱ? ለትከሻው ነው ለጢሙ?"

"ሰምተውኛል እንዴ?"

"መች ተኝቼ አውቃለሁ! ማንኮራፋቴም ለይምሰል ነው። ልጄ ሥራ ይዟል ብዬ ሦስት ወር ሳልገላበጥ የተጋደምኩት ለማን መሰለህ? አንገቴ እስከ ዛሬ አልተቃናም።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቀፍኳቸው፤ እንባዬም መጣ።

"በል ልቀቀኝ፣ ወደ ቤት እንሂድ" አሉና ሪሞቱን ከአንበሳዋ መዳፍ መንጭቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። "ዛሬስ በቀኝ ጎኔ ነው የምተኛው።"