የነቀዟ ሁለተኛ ፀጉር

"እንዳትነካው አልኩህ!"

መርስዔ ኀዘን ጣቱን ከማውሱ ላይ አነሳ። የነፍሳት ምርምር ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር የብርጓል ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብለው ጥፍራቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ።

"ጭጋጉን ብቻ ጥረግ። ፀጉሩን ተወው።"

ስክሪኑን የሞላችው ከጣና ዳር፣ ከእምቦጭ ቅጠል ላይ የተለቀመች፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ነቀዝ ናት። ማይክሮስኮፕ እንዲህ ያለችን ፍጥረት በአንድ ፎቶ ሙሉ አያሳይም፤ ጀርባዋ ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል። ስለዚህ መርስዔ ኀዘን ሌንሱን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ እያደረገ ደጋግሞ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ ከየፎቶው የጠራውን መርጦ ይደርባል። በትናንቱ ድርብ ምስል ግን እግሯን ነጭ ጭጋግ ከቦታል፤ በጭጋጉ ውስጥ ሁለት ፀጉሮች ቆመዋል። እስከ ዛሬ የታወቀችው ዝርያ እግሯ ላይ አንድ ብቻ ነው ያላት። ዶክተር የብርጓል በዚህ ፀጉር ተማምነው አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብለዋል።

"ፀጉሩ አንድ ነው ዶክተር። ይዩት።" ነጠላ ፎቶዎቹን ገለጠላቸው። በመጀመሪያዎቹ ፀጉሩ ወደ ግራ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወደ ቀኝ። ሁለት ሆኖ የታየበት አንድም ፎቶ የለም። "የተለጠፈችበት ሙጫ በሐይቁ እርጥበት ሳይደርቅ አድሯል። ፎቶ እያነሳሁ እግሯ ይንሸራተት ነበር፤ ጭጋጉም የመጣው ከዚያ ነው።"

"ሙጫውን ማን ቀባው?"

መርስዔ ኀዘን ዞሮ አያቸው። "እርስዎ።"

"ጥፋቱ የኔ ሆነ በለኛ!" ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። "ስማኝ፣ የመሪጌታ ልጅ። እዚህ እያስቆምክ የምታርመው ዜማ የለም። አንተ ታነሳለህ፤ የምቆጥረው እኔ ነኝ።"

"ጭጋጉን ከጠረግሁት ሐሰቱ እውነት ይመስላል።"

"ጎበዝ! ገብቶሃል።" ቦርሳቸውን አነሱ። "ከሰዓት አዲሱን ዝርያ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች አሉብን። ኮንትራትህን የማድሰውም እኔ ነኝ። ሚስትህ ልትወልድ ነው አይደል? ወይስ መራዊ ከተማ ወርደህ የሠርግ ፎቶ ታነሳለህ?"

በሩን በኃይል ዘግተው ምሳ ወጡ።

መርስዔ ኀዘን ሙጫውን መብራት ሥር አደረቀው፤ በመርፌ ጫፍ ነካክቶ እግሯ አለመነቃነቋን አረጋገጠ። ሌንሱን ከትናንቱ በግማሽ ባነሰ እርምጃ እያወረደ እንደገና አነሳት። ኮምፒውተሩ ደርቦ ሲጨርስ ጭጋጉ የለም። አንድ ፀጉር ብቻ፣ ቀጥ ብሎ።

ዶክተር የብርጓል ተመልሰው አዩት። ማውሱን ከእጁ ነጥቀው አዲሱን ምስል ከነ ነጠላ ፎቶዎቹ አጠፉት። ከዚያ የትናንቱን ከፍተው ጭጋጉን ራሳቸው ጠረጉ። ሁለቱ ፀጉሮች እንደ ተፈጥሮ ጥርት ብለው ወጡ።

"አየህ? ይህን ያህል ሥራ ነው።" ምስሉን በፍላሽ ይዘው ወደ አዳራሹ አመሩ። ከደጃፉ ዞር አሉ። "ነቀዟን ቆልፍባት። ማንም እንዳያያት።"

ከግቢው የመኪና በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። እንግዶቹ ወደ አዳራሹ የሚያልፉት በዚሁ ኮሪደር ነው።

መርስዔ ኀዘን ነቀዟን ይዞ እስከ ቁም ሳጥኑ ሄደ። ሳጥኑን ሊከፍት ቁልፉን ከትቶ አዞረው። ቆመ። ሚስቱ ውዴ ጠዋት ሆዷን ደግፋ በር ላይ የሸኘችው ትዝ አለው።

ተመልሶ ነቀዟን ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጣት፤ ፀጉሩ እስኪጠራ አስተካከለ። መብራቱን አላጠፋም። ወንበር ስቦ ከማይክሮስኮፑ ፊት አደረገና፣ በሩን ወደ ኮሪደሩ ወለል አድርጎ ከፈተው።