በጉልበቱ ውስጥ የምትዞረው ጠጠር

ሰውዬው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ዕድሜውን የሰው ቤት ሲያሳምር ኖሮ የገዛ ወጥ ቤቱ ወለል ግን እስከ ዛሬ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ! ሚስቱ «መቼ ነው የምታነጥፍልኝ?» ስትል እሱ «ነገ» ሲል ዓመታት ነጎዱ። አንድ ቀን ደክሞት እንደ ገባ ስለ ወለሉ ብታነሳበት «ካልተመቸሽ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አላት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልብሷን ሰብስባ ከገበያው ጀርባ እህቷ ዘንድ ገባች።

ቤቱ ጭር አለ። ለራት ሁለት ሳህን ያወጣና አንዱን ይመልሳል። ናፈቀችው፤ በጣም ናፈቀችው። ይቅርታ ማለት ግን ከሲሚንቶ ከረጢት ይልቅ ከበደው።

ደግነቱ ጉልበቱ አለ። ድሮ ከመሰላል ወድቆ የተጎዳው ቀኝ ጉልበቱ አንዳንዴ እንደ ታጠፈ ይቆልፈዋል፤ ቢለምኑትም አይዘረጋ። መላውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ተረከዙን በመዳፏ ይዛ እግሩን ቀስ ብላ እየወዘወዘች በአውራ ጣቷ ጉልበቱን ትዳብሳለች፤ ቆዳው ሥር ጠጠር የመሰለች ነገር ስታገኝ ገፋ ታደርጋታለች፣ ጉልበቱም ይለቃል። ስለዚህ በቆለፈው ቁጥር ይደውልላታል። ትመጣለች፣ ታላቅቀዋለች። «እስቲ ቁጭ በይ» ሲላት «እህቴ ትጠብቀኛለች» ብላ ውልቅ ትላለች።

ጉልበት ደግሞ በናፍቆት ልክ አይቆልፍም። አንድ እሑድ ናፍቆቱ ቢብስበት ጉልበቱ ምንም ሳይሆን ደወለ። ስትደርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ያቃስታል።

«አንተ ሰው፣» አለችው፣ «ሲቆልፍህ መች ተዘርግቶ ያውቃል?»

መዋሸት እንኳ አያውቅበትም። አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ዶክተሩ የጉልበቱን ፎቶ አንስቶ አሳያቸው። «ሲወድቁ የአጥንቱን ጫፍ ከሚሸፍነው ለስላሳ ነገር ቁራጭ ተገንጥሏል። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አጥንቶቹ መሀል ሲሰነቀር ይቆልፍዎታል፣ ሲወጣ ይለቅዎታል። ዝም ካልነው ደህናውንም እየፋቀ ይጨርሰዋል። በትንሽ ቀዳዳ እናወጣዋለን።»

«ይቅርብኝ፣» አለ ሰውዬው።

«ለምን?»

ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። «ከወጣ በኋላ በምን ሰበብ እጠራሻለሁ?»

እሷ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ያውጡለት፣ ዶክተር» አለች ብቻ።

ወጣለት። ጉልበቱ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ እንዲህ ያለ ደስ የማይል ጤና አይቶ አያውቅም። ስልኩን ያነሳና የሚለው ጠፍቶት መልሶ ያስቀምጠዋል። ለጊዜው እንዳይንበረከክ ስለ ተከለከለ፣ ለወጥ ቤቱ የገዛው ሴራሚክ ከነካርቶኑ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ይጠብቃል።

አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ካርቶኖቹን አየት አድርጋ አለፈች፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ተረከዙን በመዳፏ ያዘች፤ እግሩን ቀስ ብላ እየወዘወዘች ጉልበቱን ትዳብስ ጀመር።

«ወጥቷል እኮ፣» አለ። «ምንም የለም።»

«ዝም ብለህ እግርህን አላላ፣» አለችው። «እህቴን አትጠብቂኝ ብያታለሁ።»