በንቢት ልክ

አማካይ ሰው የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በእኛ ሙያ ግን ሁሉ ነገር የሚሠራው ለእሱ ነው፤ ወንበሩ ለአማካይ ሰው ወገብ፣ ጠረጴዛው ለአማካይ ሰው ክርን፣ የመብራት ማብሪያው ለአማካይ ሰው ክንድ። ልኩ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ተቀምጧል። እኔ ያንን መጽሐፍ ከተማሪነቴ ጀምሮ ዓይኑን ማየት አልወድም። ማንም ባልተቀመጠበት ልክ የተሠራ ቢሮ ሰው ሰው አይሸትም እላለሁ፤ በዚህ ነገር ከስንቱ የቢሮ ውስጥ ዲዛይነር ጋር ተኮራርፌያለሁ።

ስለዚህ በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ያ ኩባንያ ቢሮዎቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጊልኝ ብሎ ሲቀጥረኝ መጽሐፉን አልገለጥኩም። ታናሽ እህቴን ጠራኋት።

የኩባንያው ባለቤት፣ ሁላችንም «ዋናው» የምንለው ሰውዬ፣ የሚፈልገውን አሳምሮ ያውቃል። «ሠራተኛዬ ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ እዚያኛው ቢሮ ሲገባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማብሪያውን ማግኘት አለበት» አለኝ። «እንግድነት እንዳይሰማው።» ነገሩ ደስ አለኝ። እንግድነትን እኔም አልወድም።

እህቴን «ንቢት» ያለቻት እናታችን ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏ አያርፍም፣ ታንጎራጉራለች። ግጥም የለውም፤ ራሷ የፈጠረችው፣ ከቤታችን ውጪ ማንም የማያውቀው ዜማ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ግራ እጇ ነው የሚሠራው፣ መቀሷ እንኳ ለግራ እጅ የተሠራ ነው። እኔን «እታለም» ነው የምትለኝ፤ ስትቆጣኝም፣ ስትለማመጠኝም፣ ስታሾፍብኝም ያው «እታለም» ነው፤ ድምፁ ብቻ ይለያያል።

ባዶው ናሙና ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ በአንድ የዕቃ ሣጥን ላይ አስቀመጥኳትና ሜትሬን ዘረጋሁ። ከጉልበቷ እስከ መሬት፣ ከክርኗ እስከ ጭኗ፣ ግራ ክንዷ ተዘርግቶ የሚደርስበትን ሁሉ ለካሁ።

«እታለም፣ ለሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምትለኪኝ?» አለችና በአፍንጫዋ ሳቀች። ሳቋ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአፍንጫዋ ነው።

«አፍሽን ዝጊና ክንድሽን ዘርጊ» አልኳት።

የመስኮቷ ጠረጴዛ መጀመሪያ ተሠራች፤ መሳቢያዋ በግራ። መደርደሪያው፣ መብራቱ፣ ማብሪያው፣ የመጋረጃው ገመድ ሁሉ የተለካው ከእሷ ተነሥቶ ነው። ዋናው ገብቶ አየና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መነሣት አልፈልግም አለ። በየቅርንጫፉ የሚላከውን የሥራ መመሪያ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። በደማቁ ያሠፈርኩት ቃል ይኸው ነው፦ «አንዲት ነገር ከቦታዋ እንዳትነካ።» አናጢዎች ሁልጊዜ የራሳቸውን ነገር መጨመር ስለሚወዱ ነበር እንደዚያ ክርር ያልኩት።

የመጀመሪያው የውጭ ቅርንጫፍ ሲከፈት ሄድኩ። ገና በሩን ገፋ ሳደርገው ጣቴ ማብሪያው ላይ አረፈ፤ በራሴ ኮራሁ። መስኮቷ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ ግንድ የሚያህል ሰው ነው፤ በዚያች ወንበር ላይ እንዴት እንደተመቸው እንጃ። ጠረጴዛው ላይ የውሻ ፎቶ አድርጓል፣ የግል ዕቃ አይፈቀድም ልለው ወደ እሱ ሄድኩ። ስጠጋው ያንጎራጉራል።

የንቢት ዜማ ነው። መሐል ላይ ንቢት ድምፅዋን እንደ ማነቅ የምታደርግበት ቦታ አለ፣ እሱ እንኳ ሳይቀር። ክው ብዬ ቀረሁ። ከየት እንደሰማው ሳስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ይመጣለታል አሉ።

ቤት ስመለስ ንቢት ልብስ ትሰፋለች። የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ ወደ ጓዳ ጎትታ ወሰደችኝና «ይቺን ልጅ ምን ነካብኝ? ቤቱ እኮ ጭር አለ» አለችኝ። ደክሟት ይሆናል አልኩ። እኔም ያንን ማመን ፈለግሁ።

በሁለተኛው ቅርንጫፍ መስኮቷ ጋ ያገኘኋት ወጣት በግራ እጇ ትጽፋለች። ግራ እጅሽ ነው እንዴ የሚሠራው አልኳት። ብዕሩን እንደያዘች እጇን አይታ ደነገጠች፤ የሰው እጅ የያዘች ይመስል። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው አለች። በዚያው ሳምንት ንቢት «ይኼ መቀስ ዶልዱሟል፣ አልቆርጥ ብሎኛል» ብላ ሌላ ገዝታ መጣች። በቀኝ እጇ ይዛ እንደ ጀማሪ እየተንቀጠቀጠች ስትቆርጥ፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ሳቋ ሄደ። ሌላ አገር፣ ሌላ መስኮት፣ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ ሠራተኛ በአፍንጫው ሲጀምር ሰማሁት። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ጤነኛ ናት ተባልን። እውነትም ምንም አያማትም፣ አታለቅስም፣ አትቆዝምም። እኔን የበላኝ እሱ ነው። ቤት ውስጥ እየጎደለች ያለች ሰው እንዴት መጉደሏን አታውቅም?

አንድ ከሰዓት የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ኃላፊ ደወለ። ጣሪያው አፍስሶ ኖሮ የመስኮቷን ጠረጴዛ ወደ ኮሪደር አውጥተናታል፣ ይቅርታ አለ። መመሪያ የሚባል ነገር አታነቡም ብዬ ልወርድበት አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ ንቢት ማንጎራጎር ጀመረች።

ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «እዚያው ተውት» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«መመሪያው ግን…»

«መመሪያውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ! ተው ስልህ ተው!»

እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣችና ንቢትን አቅፋ አላስተነፍስ አለቻት። ንቢት በእናቴ ትከሻ ላይ እንዳለች ዜማዋን አቋርጣ፣ «ውሻውን ማን አበላው?» አለች። ውሻ ኖሮን አያውቅም። እኔ ግን ደስታው ስላሰከረኝ ያንን ከጉዳይ አልቆጠርኩትም።

ጠረጴዛዋ ኮሪደር ላይ እስከቆየች ድረስ ቤታችን ቤት ነበር። ከዚያ ዋናው ሰምቶ ሰው ላከና ወደ መስኮቱ አስመለሳት። ንቢት ቀሚስ እየተኮሰች ነበር፤ ዜማው መሐሉ ላይ፣ እዚያች ድምፅዋን የምታንቅበት ቦታ ላይ፣ ቆመ። ቀጥ ብላ መተኮሷን ቀጠለች።

ዋናው ዘንድ ሄጄ ለመንኩት፤ እኔ ለሰው ተንበርክኬ አላውቅም። ጠረጴዛዎቹን ልቀይር፣ በራሴ ወጪ፣ በነፃ አልኩት። «ሰው ሁሉ ያቺን ወንበር ካልተቀመጥኩ እያለ ይጣላባታል» አለኝ። «በሄድኩበት ሁሉ የሚነግሩኝ ያንኑ ነው፤ እዚያ ስንቀመጥ የሆነ ሰው የሚወደን ይመስለናል ይላሉ። ምን ሆነሽ ነው የሠራሽውን የምታፈርሺው?» እህቴን በየአገሩ በትኛታለሁ ብል ማን ያምነኛል?

የመጨረሻው ቅርንጫፍ በተከፈተ ቀን ጠዋት ቁርስ ይዤ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ንቢት ስታየኝ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

«ኖር፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» አለችኝ። «እርስዎን ማን ልበል?»

እናቴ በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ሳህኑን አስቀምጬ፣ ካቻቪቴና መፍቻዬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን ወደዚያው አዲስ ቅርንጫፍ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ቢሮው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። መስኮቷ ጋ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤ ከእኔም በዕድሜ ትበልጣለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ፀጉሯ አጭር። ጠረጴዛዋ ላይ የፊት ጥርሷ የወለቀ የትንሽ ልጅ ፎቶ አለ። ዙሪያውን ልጅቷ የሣለቻቸውን ቤቶችና ድመቶች ለጥፋለች። ቆሜ ሳለሁ ዞር እንኳ ሳትል ተናገረች።

«እታለም፣ መጣሽ እንዴ? ምነው ቆየሽ?»

በእኛ ቋንቋ ነው። አብሮኝ የገባው የቅርንጫፉ ኃላፊ ግራ ተጋብቶ ምን አለች አለኝ። እሱም፣ እዚያ አገር ያለ ማንም ሰውም የማያውቀው ቋንቋ። ፊቷን ስታዞር የማላውቀው ፊት ነው፤ አስተያየቷ ግን የንቢት ነው፣ ያ እያሾፈ የሚወደኝ አስተያየት። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። ሜትሬ ከኪሴ ብቅ ብሎ አየችው።

«ደግሞ ጀመረሽ?» አለች። «ለሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምትለኪኝ?»

እዚያው ብቀር ምናለ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እናቴ ከእንግዳ ልጇ ጋር ቤት ውስጥ ተፋጥጣ መቀመጧ ትዝ አለኝ። ሴትዮዋን ለአንድ አፍታ ተነሺልኝ አልኳትና ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። መሳቢያውን ከግራ ነቅዬ በቀኝ ገጠምኩት። እግሮቹን አስረዘምኳቸው። ኃላፊው ከላዬ ሆኖ መመሪያው፣ መመሪያው ይላል፤ መመሪያው ተለውጧል አልኩት። ሴትዮዋ አናቴ ላይ ቆማ «እታለም፣ አቧራው ልብስሽን አበላሸው እኮ፣ ቆይ ላ…» እያለች ነበር። የመጨረሻውን ብሎን አጠበቅኩ።

ዝም አለች። ቀና ስል እንደ መንገደኛ ነው የምታየኝ። በራሷ ቋንቋ በትሕትና የሆነ ነገር አለችኝ፤ ይቅርታ ልለፍ ማለቷ መሰለኝ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«እታለም! የት ጠፋሽ? እማዬ እያቀፈችኝ ታለቅሳለች፣ ምን ሆና ነው?»

ምንጣፉ ላይ ዘፍ አልኩ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ንቢቴ፣ ንቢቴ እያልኩ ሌላ ቃል ጠፋኝ። እሷ ግን ድንገት ድምፅዋ ተለወጠ።

«ውይ በሞትኩት! ሰዓቱ አልፏል። ልጅቷን ማን ያመጣታል?»

«የቷን ልጅ?»

«ልጄን ነዋ፣ እታለም! ትምህርት ቤት ተለቀዋል፣ ደጅ ላይ ብቻዋን ነው የምትሆነው!»

እህቴ ወልዳ አታውቅም። የዚያ ውሻ ነገር አሁን መጣብኝ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ሴትዮዋ ፎቶውን አንሥታ ለኃላፊው እያሳየች ትጠይቀዋለች። ሰውየው ሳቀ፣ እንደምትቀልድ ነው የመሰለው። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን አቆመ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ይቺ ልጅ የማን ናት አለች።»

ንቢት ጆሮዬ ላይ እየጮኸች ነው፤ ሂጂ አምጪልኝ፣ ፈጠን በይ። ረግጣው በማታውቀው ከተማ መንገዱን ትመራኛለች፤ ከሕንፃው ወጥተሽ ወደ ቀኝ፣ የተሰበረው የእግረኛ መንገድ ጋ ተጠንቀቂ፣ መነጽር ቤቱን አልፈሽ ሰማያዊ በር። ሰማያዊው በር እንዳለችው ነበር። ልጅቷ ደረጃው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች፣ ሌሎቹ ሁሉ ሄደዋል። ስታየኝ ልትሸሽ ነበር። ስልኩን ዘረጋሁላት። ንቢት በዚያች ልጅ ቋንቋ፣ በሕይወቷ ተምራው በማታውቀው ቋንቋ፣ አባብላ አናገረቻት። ልጅቷ ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋ «እማ?» አለች። ለዚያ ቃል አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

እጄን ይዛ አብራኝ መጣች። የሕንፃው ደረጃ ላይ ስንደርስ እግሬ አልወጣ አለኝ።

«ንቢት» አልኩ በስልኩ፣ «እስቲ ጥሪኝ።»

«ምን?»

«ዝም ብለሽ ጥሪኝ።»

«እታለም» አለች። «ምን ሆነሻል? ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ስልኩን እንዳትዘጊው።»

ልጅቷ ቢሮው ውስጥ እንደገባች ወደ መስኮቱ ሮጠች። ሴትዮዋ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ የሰው ልጅ በስሕተት እንደመጣባት ሰው ፈገግ አለች። ልጅቷ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። እንደዚያ ያለ ፊት አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሳህን ይዤ በቆምኩበት ጠዋት፣ በእናቴ ላይ።

ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። መሳቢያውን ወደ ግራ መለስኩት። እግሮቹን አንድ በአንድ ወደ ንቢት ልክ አወረድኳቸው፤ ሜትር አላስፈለገኝም፣ በእጄ አውቀዋለሁ። ብሎኑን ማዞር ጀመርኩ።

«እታለም፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ንቢት ከስልኩ ውስጥ። «የሚንቋቋ ነገር ይሰማኛል እኮ። እታለም? ቶሎ ነይ እንጂ፣ እማዬም…»

ብሎኑ ጠበቀ። ከበላዬ ሴትዮዋ በቋንቋዋ የልጇን ስም ጠራች፤ የትንሽ እግሮች ሩጫና የቦርሳ መውደቅ ሰማሁ።

ስልኩን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ከወዲያ የልብስ ስፌት መኪናው ይሰማል። ከዚያ ቆመ፣ አንድ ሰው ስልኩን አነሣው።

«ይቅርታ» አለችኝ ንቢት በትሕትና፣ «ማን ልበል?»