የይግባኙ አሥራ አራተኛ ቀን

ሦስቱ የትምህርት ቦርዱ ባለአደራዎች ለልጆች በተሠሩ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው፣ የሎስት ሆርስ ትምህርት ቤት ከነግቢው «ለትምህርት አገልግሎት የማይፈለግ ንብረት ነው» ብለው እጃቸውን ሲያወጡ፣ ከሕዝብ ወገን የተገኘችው አርዲስ ሆቭላንድ ብቻ ነበረች፤ በር ላይ የተጋደመውን የሰብሳቢውን ውሻ ካልቆጠርነው።

ጸሐፊዋ ጃኔል ውሳኔውን አንብባ ስትጨርስ ሕጉ የሚያዘውን ጨመረች። ቅር ያለው የወረዳው ግብር ከፋይ ሁሉ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አውራጃው ፍርድ ቤት በአካል ቀርቦ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኝ ባይ ከጠፋ ቦርዱ ንብረቱን ለመሸጥ ነጻ ነው። ይህን ስታነብ ቀና ብላ አርዲስን አየቻት። አርዲስ ደግሞ ነገር በዓይን የሚገባት ሴት ናት።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃና አንድ የውሃ ጉድጓድ ነው። ባለፈው ዓመት በሸለቆው ውስጥ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስላልነበረ ተዘግቶ ከረመ። በመጪው መስከረም ግን ሁለት ተማሪዎች ሊመጡለት ነበር፤ ሁለቱም የአርዲስ የልጅ ልጆች። ልጇ ሶንያ ስፖካን ከተማ ያለውን ኑሮዋን ጠቅልላ፣ ባሏንና ልጆቿን ይዛ ልትገባ፣ የአባቷንም ከብት ልትረከብ ተስማምታለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጆቼን በየቀኑ ሦስት ሰዓት አውቶብስ ላይ አላስቀምጥም። ሎስት ሆርስ ከተከፈተ እንመጣለን፤ ካልተከፈተ አንመጣም» ብላለች። አርዲስ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ኤልመር ከሞተ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሶንያ ካልመጣች መቶ አርባ ላም፣ ያ ሁሉ አጥርና ያ ሁሉ ድካም ወራሽ አልነበረውም።

ከስብሰባው ሲወጡ ሰብሳቢው ሃርላን ስትሮም መኪናዋ ድረስ ሸኛት። ሃርላን የአርባ ዓመት ጎረቤቷ ነው፤ አጥራቸው ይገናኛል። የኤልመርን ሬሳ ሣጥን ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው እሱ ነበር፣ ያውም በታመመ ጉልበቱ።

«ወደ ፍርድ ቤት እንዳትሮጪ ደግሞ» አላት እየሳቀ። «ይሄ ለወረቀት ያህል ነው። የስቴቱ ሰዎች የተዘጉ ቤቶችን ዝርዝር ላኩ ብለው አስጨንቀውን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ውሳኔውን እናነሣዋለን።»

«ሶንያ እኮ ቤቷን ልትለቅ ነው ሃርላን።»

«ትልቀቅ። ቃሌ ነው አልኩሽ እኮ።»

አርዲስ አመነችው። በዚያ ሸለቆ ጎረቤቱን ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው በክረምት መኪናው በረዶ ውስጥ ቢቀበር ጎትቶ የሚያወጣው እጅ አያገኝም፤ ባይነገርም ሁሉም ያውቀዋል። እንዲያም ሆኖ ይግባኙን ጽፋ፣ ፈርማ፣ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠችው። የመጨረሻዋ ቀን ዓርብ ናት፤ ዓርብ ጠዋት አስገብቼ እመለሳለሁ፣ ሃርላን ውሳኔውን ካነሣው ይግባኙም ይቀራል አለች ለራሷ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው በፈረስ አገር ተወልዳ የምታውቀው ነገር ነው፤ እሷ ግን ስለ ፈረስ እንጂ ስለ ሃርላን አላሰበችም።

ረቡዕ ሃርላን ደወለ። ጥጆቹን በጋለ ብረት ምልክት የሚተኩሰው ዓርብ መሆኑን ነገራት።

እዚያ አገር ጥጃ መተኮስ ወንፈል ነው። ግንቦት ሲጋመስ ሁሉም ፈረሱን ጭኖ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይዞራል። አንዱ በገመድ ይጠልፋል፣ ሁለቱ ጥጃውን ጥለው ይይዛሉ፣ አንዱ የጋለ ብረት ያሳርፋል፣ አንዱ ይከትባል። የታመመ ወይም የሞተ ካልሆነ በቀር የሚቀር የለም፤ የቀረ ሰው የራሱ ተራ ሲደርስ ብቻውን ከጥጃ ጋር ሲታገል ይውላል። የስትሮሞች ቀን ደግሞ ምንጊዜም ቅዳሜ ነበር። አርዲስ ይህን ስትጠይቀው ሃርላን አማቹን ምክንያት አደረገ፤ ትሮይ ቅዳሜ የሚሄድበት አለው አለ። ጉልበቱ እንደገና እንደባሰበት፣ እንደ እሷ ፈጥኖ የሚከትብ እንደሌለም አከለበት። እስከ ምሳ እንጨርሳለን አላት።

እስከ ምሳ ከጨረሱ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ ፍርድ ቤቱም እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነው። አርዲስ ይህን አስልታ እሺ አለች።

ዓርብ እስከ ምሳ ግማሹም አልተነካ። ብረቱ ቶሎ አልግል አለ፣ ትሮይ ገመድ ሲወረውር ከጥጃ ይልቅ አየር ጠለፈ፣ ሰዉም ሳቀበት። አርዲስ መርፌዋን ይዛ ከጥጃ ወደ ጥጃ ስትሮጥ ሽማግሌው ጋስ ጭኑን እያሻሸ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጥጃውን ነው ወይስ እኔን የምትከትቢው?» አላት።

«አንተንም ካለብህ ቢያድንህ ብዬ ነው» አለችው፤ ጥጃውን ጥለው የያዙት ወጣቶች እስኪለቁት ድረስ ሳቁ። ቀኑ ደስ የሚል ቀን ነበር። በኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይኸው ነው፤ ደስ ብሏት ውላለች።

ለምሳ የሃርላን ሚስት ዶሪን የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ባቄላና የጥጃ ቆለጥ ጥብስ ደረደረች። ሃርላን ወትሮ ጥድፊያ የሚወድ ሰውዬ፣ ያን ቀን ብሉ፣ ድገሙ፣ ተቀመጡ ሲል ቆየ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አርባ ያህል ጥጃ ቀርቶ ነበር። አርዲስ መርፌውን ለጃኔል ባል ሰጠችና እጇን በሱሪዋ ጠራርጋ ወደ መኪናዋ አመራች።

ሃርላን እያነከሰ ተከተላት። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይችል ነበር፤ አላደረገም።

«ወዴት ነው?»

«ከተማ ጉዳይ አለኝ። እመለሳለሁ።»

«ያን ወረቀት ልታስገቢ ነው አይደል?» አላት። «ቃሌን ሰጥቼሽ፣ ግቢዬ ውስጥ ምሳዬን በልተሽ፣ ልትከሽኝ ነው የምትሄጂው?»

ጥጃ የያዙት ሰዎች ቀና አሉ። ጋስ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ አወረደ። ዶሪን ሳሕን ይዛ እንደቆመች ቀረች። አርዲስን የያዛት ፍርሃት አልነበረም፣ ዕፍረት ነበር። በሰው ፊት ጎረቤቱን የማያምን ሰው መሆን፣ ያውም የኤልመርን ሣጥን የተሸከመን ሰው። ፊቷ ጋለ። ተመልሳ መርፌውን ተቀበለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻውን ጥጃ እየከተበች ነበር። ሃርላን ራሱ ቢራ ከፍቶ አቀበላት፤ ዶሪን ሩባርብ በሚባል ጎምዛዛ አትክልት ከጋገረችው ኬክም ትልቁን ቁራጭ ቆርጦ ሰጣት። ትከሻዋን መታ አድርጎ፣ «አንቺ ባትኖሪ ዛሬ አይሆንም ነበር» አላት። እሷም ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች።

ሰኞ ፖስታ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘች። ሕጉ በሚያዘው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ያቀረበ ባለመኖሩ፣ ቦርዱ የሎስት ሆርስን ትምህርት ቤት ከነግቢውና ከነጉድጓዱ ለሽያጭ አቅርቧል ይላል። ሰብሳቢው ፈርሞበታል። የተፈረመው ቅዳሜ ነው። አርዲስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዓርብ ያሰበችው፤ ስለ ተዛወረው ቀን፣ አልግል ስላለው ብረት፣ ስለ ረጅሙ ምሳ። ሃርላን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ወስዷት ነበር፣ እሷም እየሳቀች ሄዳለታለች።

ሃርላንን ያገኘችው ከብት ማጠጫው አጠገብ ከቦቴ ውሃ ሲገለብጥ ነው። ሲያያት ቱቦውን አልዘጋም።

«ቃልህ የት ሄደ?» አለችው።

ቦርዱ ሦስት ሰው መሆኑን፣ እሱ አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው ነገራት። ፈራሚው አንተ ነህ አለችው። እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው አለ፤ አሥራ አራት ቀን ተሰጥቶሽ ነበር አላት። ይህን ሲል ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«ማነው የሚገዛው?»

«ትሮይ ይሞክራል። እኔ መግዛት አልችልም፤ ባለአደራ ለራሱ አይገዛም።» ከዚያ እውነቱ ወጣ። «ውሃዬ መሯል አርዲስ። ሦስት ዓመቴ ነው በቦቴ ሳመላልስ። ያ ጉድጓድ ጣፋጭ ውሃ አለው፣ ቤቱ ደግሞ ባዶ ነው።»

«ውሃውን ብትጠይቅ ማን ይከለክልህ ነበር? ቧንቧ እንዘርጋ ብትል ሸለቆው ሁሉ ይቆፍርልህ ነበር እኮ።»

«ልመና አይሆንልኝም» አለ ሃርላን። «ደሞስ ለሁለት ልጅ ማን አስተማሪ ይቀጥራል? ሶንያም እንደሆን አትቆይም፤ ከተማ የለመደ ሰው ነው።»

አርዲስ ልትመታው ፈለገች። አርባ ዓመት ሙሉ ስኳርና ጨው የተበዳደረችው፣ ወፍ ሳይንጫጫ ከምታምጥ ላም ጥጃ አብራው የጎተተችው ሰው ነው፤ ለልጇ ኑሮ የሰጠው ዋጋ ይህችው ነበረች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነው ያለቀሰችው። ለሱ እንባዋን ማሳየት አልፈለገችም።

ሶንያ ስልኩ ላይ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። አላቋረጠቻትም፣ አልጮኸችባትም።

«ዓርብ የት ነበርሽ እማ?» አለቻት በመጨረሻ።

«ሃርላን ጋ። ጥጃ ስከትብ።»

ሶንያ እዚያው ሸለቆ ያደገች ልጅ ናት። «አባዬም ቢኖር እዚያው ነበር የሚውለው» አለች። «እኛ እንግዲህ ስፖካን ነን። አንቺ ነይ ወደኛ።» አርዲስ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። አስብበታለሁ አለችና ዘጋች።

የአርዲስ ተራ በቀጣዩ ቅዳሜ ነበር። ለሁሉም ደውላ እንዳይመጡ ነገረቻቸው፤ ምክንያቱን የጠየቃት የለም፣ ማስታወቂያውን ሁሉም አንብበውታል። ሃርላን ጋ አልደወለችም። ቅዳሜ ጠዋት ፈረሱን በተጎታች ጭኖ፣ ዶሪን የሞላችለትን የቡና ፔርሙዝ ይዞ መጣ። አርዲስ የግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ሰዎቹ የት አሉ?» አለ ከመኪናው ሳይወርድ።

«ሰው አልጠራሁም።»

ሃርላን ወረደ። «ስሚኝማ፣ ስብሰባ ሌላ፣ ሥራ ሌላ» አለ። «አንቺ መጥተሽልኛል፣ እኔም መጥቻለሁ። የሰው ዕዳ አልወድም።»

«የሚተኮስ ጥጃ የለም። ከብቱን ልሸጥ ነው ሃርላን። ሰኞ የከብት ነጋዴ መጥቶ ያያቸዋል። ሶንያ አትመጣም።»

ሃርላን ባርኔጣውን አወለቀ። ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል፤ መቼ እንደሳሳ አርዲስ አላስተዋለችም ነበር። ግጦሹን፣ ጉብታውን፣ ከሱ አጥር ጋር የሚገናኘውን ረጅሙን አጥር ቀስ ብሎ በዓይኑ ዞረው። አርዲስ ጠበቀች። በድዬሻለሁ ቢላት፣ አንዲት ቃል ብቻ ቢተነፍስ፣ በሩን ልትከፍትለት ትችል እንደነበር ታውቀዋለች። ይህን በማወቋ ራሷን ጠላች።

«መሬቱስ?» አላት ሃርላን።

አርዲስ የበሩን ሰንሰለት አጠላልፋ ቆለፈችና ወደ ቤቷ ሄደች። የመኪናው ሞተር ከኋላዋ እስኪነሣ ብዙ ቆየ። ሃርላን መልስ እየጠበቀ ነበር።