ሎንፕሬ አይቆጠርም

«አይቆጠርም» አለ ናርሲስ፣ የሩዝ ኬኩን እየጎረሰ። «ወዳጄ ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።»

ጥቁር የለበሱት ጎረቤቶች ቡናቸውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩት። ወዳጁ ዴዚሬ በሚቀጥለው ክፍል ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ቀብሩ ነገ ነው።

«አንተ ሰው፣ አታፍርም?» አለች የሟች ሚስት እህት ኮሌት፣ በሹክሹክታ። «ሬሳ ባለበት ቤት የኳስ ወሬ?»

«ታዲያ ለእሱ የምን ወሬ እናውራ? የአበባ?»

የሟች ሚስት ጊስሌን ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ሆዷ ባባ።

ዴዚሬ ፖስተኛ ነበር። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ናርሲስን መኪናው ላይ ጭኖ፣ በመላው የቤልጂየም ዋሎኒያ ማንም የማያውቃቸው ቡድኖች የሚጫወቱባቸውን ሜዳዎች ሲዞር ኖሯል። ትልልቅ ስታዲየም አያምረውም። ከጎሉ ጀርባ ላም የሚግጥበት፣ ተመልካቹ ሁሉ የበረኛው ዘመድ የሆነበት ሜዳ ነው የሚወደው። በሁለቱ ሕግ፣ አንድን ሜዳ አየሁ ለማለት ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው መቆም ግድ ነው። ሲያልቅ ጓንቱን አውልቆ የሜዳውን የብረት አጥር በመዳፉ መታ ያደርጋል። ያኔ ሜዳው ተቆጠረ።

አንዴ የመስመር ዳኛው ቀርቶ ባንዲራውን ለዴዚሬ ሰጡት። እሱም የባለሜዳዎቹን ጎል ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ አሻረ። ሲያልቅ ሜዳው ዳር ድንች ጠብሳ የምትሸጠው ሴት፣ «ላንተ ዘይቱ ቀዝቅዟል» አለችው። ይህን ቤት ገብቶ ሲተርክ ጊስሌን እንባዋ እስኪፈስ ስቃለች። አብራው ግን አንድም ቀን አልሄደችም፤ ብርድ አትወድም።

ባለፈው እሁድ ሎንፕሬ ወደሚባል ሜዳ ሄዱ። የጊስሌን ልደት ስለነበር፣ «ዛሬ እንኳ በጊዜ ና» አለችው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ አቋርጦ፣ አበባ ይዞ መጣ። ሌሊቱን በእንቅልፉ አረፈ።

ጊስሌን ናርሲስን ወደ ወጥ ቤት ጠራችው።

«እውነቱን ንገረኝ። ጥሎ ሲወጣ ቆጭቶት ነበር?»

«መንገዱን ሁሉ ሲያፏጭ ነው የመጣው። ‹ሜዳው የትም አይሄድም፤ ጊስሌን ከተቆጣች ግን ትሄዳለች› አለኝ።»

ጊስሌን አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «ግን አይቆጠርም።»

«አይቆጠርም።»

«እኔ ብጨርስለትስ?»

ናርሲስ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እንዲህ ያለ ሕግ የለንም።»

«የሚከለክልስ አለ?»

«የሚከለክልም የለም። እሁድ በሜዳቸው ይጫወታሉ።»

በቀብሩ ማግስት፣ እሁድ፣ ጊስሌን የዴዚሬን ሰፊ ካፖርት ደርባ ሎንፕሬ ቆመች። ዝናቡ አያባራም። ባለሜዳዎቹ ስድስት ለዜሮ ይመራሉ።

«በቃ እንሂድ» አለ ናርሲስ። «ጉንፋን ከያዘሽ ኮሌት በሕይወት አትተወኝም።»

«ዝም ብለህ ተመልከት።»

ኳሱ አጥሩን ዘሎ ላሞቹ መሃል ገባ። በረኛው ሄዶ ሊያወጣ ሲሞክር አንዷ ላም ኳሱ ላይ ተኛች። በረኛው ሲለማመጣት ጊስሌን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ይህን ለዴዚሬ ለመንገር ወደ ጎኗ ዞር አለች። ጎኗ የቆመው ግን ናርሲስ ነበር። ዴዚሬ ናፈቃት።

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። ተጫዋቾቹ ወደ ልብስ መቀየሪያቸው ሮጡ። ጊስሌን ጓንቷን አወለቀችና እርጥቡን የብረት አጥር በመዳፏ መታ አደረገችው። እጇን ግን ቶሎ አላነሳችም።