የዝባድ ገንዘብ

"ቀረጡን ተቀብያለሁ፤" አሉ ባላምባራስ ገብረትንሣኤ፣ ብሩን ወደ ሣጥኑ እያስገቡ። "አሁን ደግሞ ንገረኝ። ዝባዱ በየትኛው ኬላ ገባ?"

ሲራጅ አራዳ ጉምሩክ ሹሙ ፊት ሲቀርብ፣ ቀረጤን ከፍዬ ተመርቄ እወጣለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። አይ የዋህ! ዕድሜውን ሙሉ ጊዮርጊስ ግርጌ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ሹም ብር ተቀብሎ ዝም እንደማይል ጠፍቶት ነው?

"በኬላ አልገባም፣ ጌታዬ፤" አለ። መዋሸቱን አልቻለበትም፤ ለመዋሸትም አልነበረም የመጣው።

"ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?"

ዘበኞቹ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቱ የነጂባ ታናሽ ወንድም ቡሽራ ከሊሙ በቀንድ የታሸገ ዝባድ በበቅሎ ጭኖ፣ ኬላውን በጫካ ዞሮ አምጥቶለት ነበር። ሲራጅ ዝባዱን ለአንድ ህንድ ነጋዴ ሸጠው፤ ጥሩ አድርጎ አተረፈ። ትርፉንም ለሐጅ ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የሚባል አጣ። ሼኩን ቢያማክራቸው፣ "የሌላ ሐቅ ያለበት ገንዘብ ይዘህ መካ አትሂድ፤ ያለብህን ክፈል" አሉት። ሲራጅ ደስ አለው። ያለብኝ ቀረጥ ነው፣ ከከፈልኩት ገንዘቤ ይጠራል አለ። በቃ፣ እንዲህ ቀላል መሰለው!

ነጂባ ትናንት እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

"ስማኝ ሲራጅ፣ ማን ጠየቀህ? ገንዘቤን አጠራለሁ ብለህ ወንድሜን እንዳታስበላብኝ።"

"ስሙን ማን ያነሣዋል? ነጋዴው እኔ ነኝ።"

"ስሙን ባታነሣው ጋቢው ይናገራል። አታውቅም እንዴ ዝባድን?"

እውነቷን ነበር። ያ ከጥርኝ የሚወጣ ቅባት አንዴ ልብስ ከነካ የፈለገውን ያህል እንዶድ ቢፈስበት አይለቅም። ቡሽራ ቀንዶቹን የጠቀለለበትን ጋቢ ነጂባ ደጋግማ ብታጥበውም ሽታው እንዳለ ነው። ልጁ ደግሞ ሌላ ጋቢ የለውም።

ባላምባራስ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ቀረጥ መክፈልህ መልካም ነው። እሱ ለሸጥከው ነው። ኬላ ማምለጥ ግን ወንጀል ነው። ወንጀሉን ደግሞ እኔ አልደረስኩበትም፤ በገዛ እግርህ መጥተህ፣ በገዛ አፍህ ነገርከኝ። የተሸጠበት ገንዘብ በሙሉ ይወረሳል። ያስገባው ሰው ተገርፎ እግረ ሙቅ ይገባለታል።"

"ባልመጣ ኖሮስ፣ ጌታዬ?"

"ባትመጣማ በምን አውቅ ነበር?"

ወይ ጉድ! ለሐጅ ያለው ገንዘብ እንደሆነ ሄደ፤ እሱ ይሁን። ልጁ ግን? ነጂባ ያለ እሱ ወንድም የላትም።

"ያስገባሁት እኔው ነኝ፤" አለ።

ባላምባራስ ተጠግተው ነጠላውን አሸተቱ፤ የዝባድ ሽታ የለውም። ከዚያ የጨርቅ ነጋዴ እጁን ገልበጥ አድርገው አዩት።

"አንተ እንኳን ሊሙ፣ እንጦጦም ወጥተህ አታውቅ። ያስገባው ከሚያውቁህ ሰዎች አንዱ ነው፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። እስከዚያ ዋስ ጥራ። አጠገቤ ቆሞ ስሙንና አገሩን ይናገርና ይዞህ ይሂድ። ዋስ ከሌለህ ነጠላህ ከዘበኛ ነጠላ ጋር ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተህ ወህኒ ትወርዳለህ።"

ሲራጅ ዞር አለ። ቀረጥ ሊከፍሉ ከተሰለፉት መካከል ሁለት የጨርቅ ነጋዴዎች፣ ጎረቤቶቹ ነበሩ። በበዓል አብረውት የበሉ ሰዎች! አንደኛው መሬት መሬት አየ። ሌላው ነጠላውን ያስተካክል ጀመር። ሲራጅ አልፈረደባቸውም፤ እሱም በእነሱ ቦታ ቢሆን ያው ነበር የሚያደርገው።

"እኔ አለሁለት!" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። "እኔ ዋስ እሆነዋለሁ!"

ቡሽራ ነበር። ከቤት እንዳትወጣ ብሎት ነበር እኮ! ነጂባ አላስችል ብሏት ልካዋለች ማለት ነው። ያንኑ ጋቢ ለብሶ፣ ሰዉን በክንዱ እየገፋ ወደ ባላምባራስ ይመጣል። አንዲት ሴት ከአጠገቡ አፍንጫዋን ይዛ ፈቀቅ አለች።

ሲራጅ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም።

"ቁም!" ብሎ ጮኸ። "አንተ ማነህ? እኔ አላውቅህም!"

ቡሽራ ባለበት ደረቀ። "ጋሼ... እኔ እኮ ነኝ..."

"አላውቅህም አልኩ! ሂድ ወደመጣህበት!"

ባላምባራስ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አዩ። "እሱ ግን ያወቀህ ይመስላል።"

"ሰው ተሳስቶ ነው፣ ጌታዬ። ወላሂ አላውቀውም።"

ለሐጅ ሲሰናዳ የቆየ ሰው በአላህ ስም በሐሰት ማለ። ግን ቃሉን አልመለሰም።

"ዋስስ?"

"ዋስ የለኝም፤" አለ ሲራጅ። ቡሽራን ሳያይ ነጠላውን ከትከሻው አወረደና ጫፉን ራሱ ለዘበኛው ሰጠው፣ እንዲቆራኘው።